የገና ስጦታ በባሌ ደጋ ቤተሰብ ዘንድ

በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው በሮቤ፣ በጎባና በዙሪያቸው ባለው ደጋ የሚኖሩ ክርስቲያን ቤተሰቦች በልደት በዓል እርስ በርሳቸው የሚሰጣጡትን ነገር፣ እንዲሁም የሚሰጡበትንና የሚቀበሉበትን ሥርዓት ነው። ጕዳዩ ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ በግ፣ ዳቦ፣ ጋቢና ማር ከማን ወደ ማን እንደሚሄድ መቍጠር ነውና። ነገር ግን ሰው ለዘመዱ የሚሰጠው ነገር ዝምድናው በምን ላይ እንደቆመ ስለሚያሳይ፣ ጥያቄው ከዕቃው ቍጥር ይሰፋል። ዋናው ጥያቄያችን ይህ ነው፤ በገና ዕለት ባዶ እጁን የመጣ ዘመድ በማዕዱ ላይ ቦታው ተጠብቆ ይቆየዋል ወይስ አይቆየውም? ስጦታን ከግብር የሚለየው የዚህ ጥያቄ መልስ ነው ብለን እናምናለን።

1. ቦታውና ወቅቱ

ሮቤና ጎባ 14 ኪሎ ሜትር ያህል የሚራራቁ ሁለት የደጋ ከተሞች ናቸው። ጎባ የቀድሞው የባሌ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ነበረች፤ ዛሬ የባሌ ዞን አስተዳደር መቀመጫ ሮቤ ናት። ከጎባ ወደ ደቡብ የሚወጣው መንገድ የሰነቴን አምባ አቋርጦ ወደ ሐረና ደን ይወርዳል። በአምባው ላይ ያለው የቱሉ ዲምቱ ተራራ 4,377 ሜትር ከፍታ አለው። በገና ሰሞን ቀኑ ብሩህ፣ ሌሊቱ ግን ውርጭ የሚጥልበት ነው። የአገሩ ሕዝብ አብዛኛው ኦሮሞ፣ በሃይማኖቱም አብዛኛው ሙስሊም ሲሆን፣ ክርስቲያኑ በተለይ በከተሞቹ ውስጥ ይበዛል።

በዓሉ ታኅሣሥ 29 ቀን ይውላል፤ ጳጕሜን ስድስት ከሆነች በኋላ በሚመጣው በዘመነ ዮሐንስ ግን ታኅሣሥ 28 ቀን ይከበራል። ከኅዳር 15 ቀን የጀመረው ጾመ ነቢያት የሚፈታውም በዚሁ ዕለት ነው። ስለዚህ የገና ስጦታ ከሁሉ አስቀድሞ የጾም መፍቻ ስጦታ ነው። ቅቤ፣ ሥጋ፣ ወተትና ዕንቍላል ከስድስት ሳምንት በላይ ከቤቱ ርቀው ቆይተው የሚመለሱበት ቀን በመሆኑ፣ የሚሰጠው ነገር በአብዛኛው የሚበላ መሆኑ አያስደንቅም።

ወቅቱ ሌላም ትርጕም አለው። የባሌ ደጋ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚያመርት አገር ነው፤ ገበሬዎቹም ሁለቱን አዝመራዎች እህሉ በሚሰበሰብበት ጊዜ ጋና እና ቦና ብለው ይጠሯቸዋል። በኦሮምኛ ጋና ማለት ክረምት፣ ቦና ማለት በጋ ነው፤ የቋንቋው እንግዳ የሆነ ሰው የመጀመሪያውን ቃል ሰምቶ የበዓሉን ስም የሰማ ሊመስለው ይችላል። ዳሩ ግን በልደት በዓል ሰሞን የሚሰበሰበው የቦናው አዝመራ ነው። አካባቢው በስንዴና በገብስ የታወቀ ስለሆነ፣ በዓሉ አዲስ እህል ወደ ጎተራ ከሚገባበት ጊዜ ጋር ይገጥማል። ለበዓሉ የሚደፋው ድፎ ዳቦ ከአዲሱ ስንዴ ሊሆን ይችላል፤ ይህም ለስጦታው ልዩ ክብር ይሰጠዋል።

2. የራሱ ስም የሌለው ስጦታ

በአማርኛ ተናጋሪው ሕዝብ ዘንድ ብዙ በዓላት የየራሳቸው ስጦታ አላቸው። በቡሄ ሆያ ሆዬ የሚሉት ልጆች የሚቀበሉት ሙልሙል ይባላል። በእንቍጣጣሽ ልጃገረዶች አበባ ይዘው፣ ወንዶች ልጆችም በቀለም ያጌጠ ሥዕል ይዘው ለዘመድና ለጎረቤት ያቀርባሉ፤ በምላሹም ሳንቲም ያገኛሉ። በፋሲካ ሰሞን አማች ለአማቱ፣ የክርስትና ልጅ ለክርስትና አባቱና እናቱ የሚወስደው ዳቦ፣ መጠጥ ወይም ሙክት አክፋይ ይባላል። አክፋይ ያላመጣ አማች እንደሚታማ ሁሉም ያውቃል።

የገና ስጦታ ግን እንደነዚህ ያለ የታወቀ የራሱ ስም የለውም። ሰጪው በጉን ከደጃፍ ሲያስር፣ ወይም ጋቢውን ከሻንጣው ሲያወጣ፣ «ለበዓል ብዬ ነው» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አይጨምርም። ይህ የስም አለመኖር የልማዱን ድህነት የሚያሳይ አይደለም፤ የጠባዩ ምልክት ነው። አክፋይ ከማን ለማን እንደሚሄድ የተወሰነ ነው፤ የገናው ነገር ግን ለበዓሉ የሚዋጣ ድርሻ ነው። የሚሰጠው ለአንድ ሰው ቢመስልም፣ የሚደርሰው ግን ለማዕዱ ነው።

3. የሚሰጠው ነገርና የሚሄድበት መንገድ

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይሻላል። በሮቤ ከተማ የምትኖር አንዲት እናት ሦስት ልጆች አሏት እንበል፤ አንዱ በሲናና ገበሬ ነው፣ አንዷ በጎባ ባለ ትዳር ናት፣ ታናሹ ደግሞ በአዲስ አበባ ተቀጥሮ ይሠራል።

ገበሬው በግና አንድ ቍና አዲስ ስንዴ ያመጣል። በጎባ ያለችው ልጅ ጠላ ጠምቃ፣ ድፎ ደፍታ ትመጣለች፤ ከሐረና በኩል የወጣ ማር ካገኘችም እሱን ትጨምራለች። ከአዲስ አበባ የሚመጣው በሻሸመኔና በዶዶላ በኩል በአውቶቡስ ሲመጣ፣ ለእናቱ ነጠላ ወይም ጋቢ፣ ለእኅትና ለወንድሙ ልጆች ሹራብና ጫማ፣ ለቤቱም ስኳር ይይዛል። ብርዱ ጽኑ በሆነበት በዚህ አገር ጋቢና ሹራብ ለጌጥ ብቻ የሚሰጡ አይደሉም። ደግሞም ጥምቀት ከ12 ቀን በኋላ ስለሚከተል፣ በገና የተሰጠው ልብስ ለሁለቱም በዓል ያገለግላል። ለጥምቀት አዲስ ልብስ መልበስ እንዴት እንደሚከበር ተረቱን የማያውቅ ስለሌለ እዚህ መድገም አያስፈልግም።

ልጁ ወደ አዲስ አበባ ሲመለስም ሻንጣው ባዶውን አይሄድም። በሶ፣ ንጥር ቅቤና ማር ይታሰርለታል። ከሁሉ የሚከበረው ጩኮ ነው። ይህ ገብስ ተቈልቶና ተፈጭቶ በቅቤ የሚታሽ ምግብ የአርሲና የባሌ ኦሮሞ የክብር ምግብ ሲሆን፣ በአገሩ የኖረውም ክርስቲያን ተምሮታል። ሳይበላሽ ስለሚቆይም ለመንገደኛ የተመቸ ነው።

እስካሁን ያየነው የነገሩ ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ በእናቲቱ እጅ ይፈጸማል። ከታረደው በግ ለታመመ ጎረቤት፣ ባልዋ ለሞተባት እኅት፣ ለንስሐ አባት፣ በዓሉን ለብቻው ለሚያሳልፍ ሰው የሚላከውን የምትለየው እርስዋ ናት። ሰፈሩ በሬ ገዝቶ ቅርጫ ካደረገም፣ ከደረሳት መደብ ላይ ቀንሳ መደብ መግባት ላልቻለ ዘመድ ትሰዳለች። እንግዲህ ልጆቹ ለእናታቸው የሰጧት ሥጋና ዳቦ ብቻ አይደለም፤ የመስጠት ሥልጣንም ነው። አንዲት አሮጊት በበዓል ቀን የምትሰጠው ስታጣ የምታዝነው ስለራስዋ ረኃብ ብቻ አይደለም፤ ከሰጪዎቹ ወገን መውጣትዋን ስለምታውቅ ነው።

ሕፃናቱን በሚመለከት፣ የቀድሞው ልማድ ለእነርሱ የተለየ ስጦታ አዘጋጅቶ የሚያቀርብ አልነበረም። ወንዶቹ ለገና ጨዋታ የሚሆነውን ቈልማማ ዱላ ራሳቸው ከጫካ ይመርጣሉ፤ ጥንጉንም ራሳቸው ያዘጋጃሉ። የሚሰጣቸው ነገር ልብሱና የዕለቱ ነፃነት ነው። በዚህ ጨዋታ ጌታ በሎሌው ላይ አይቆጣም የሚለው የታወቀ አባባልም፣ በዕለቱ ማዕረግ ለጥቂት ሰዓት እንደሚነሣ ያስታውሳል።

4. የአቀባበል ሥርዓት

መቀበል እንደ መስጠት ሁሉ የሚማሩት ነገር ነው። ተቀባይ በሁለት እጁ ይቀበላል፤ ከመቀበሉ በፊት ግን ጥቂት መከልከል አለበት። እናት፣ «ምነው ልጄ፣ አንተ በሰላም ብትመጣ አይበቃኝም ነበር?» ትላለች። ልጅም፣ «ጥቂት ነገር ናት እማዬ፣ ለበዓል ብዬ ነው» ይላል። ሁለቱም የተናገሩት ቃል እንደ ደንብ የሚነገር ቢሆንም ከንቱ አይደለም። የእናቲቱ ቃል የልጁ መምጣት ከያዘው ዕቃ እንደሚበልጥ፣ የልጁም ቃል ዕቃው ዋጋ እንዳይቈጠርበት ያስታውቃል።

የተጠቀለለውን ነገር በሰጪው ፊት ፈትቶ ማየት በብዙ ቤት ነውር ነው። በኤውሮጳ ልማድ ስጦታውን ወዲያው ከፍቶ መደሰትን ማሳየት ጨዋነት ሲሆን፣ በእኛ ዘንድ ግን ዓይንን ከዕቃው ላይ አንሥቶ በሰውየው ላይ ማሳረፍ ይመረጣል። ትልቁና ትንሹ ስጦታ በአደባባይ እንዳይወዳደር የሚጠብቀው ይህ ልማድ ነው።

ፈረንሳዊው ሊቅ ማርሴል ሞስ በኤውሮጳ አቈጣጠር በ1925 ስለ ስጦታ ባወጣው ታዋቂ ጥናቱ፣ በብዙ ሕዝቦች ዘንድ ስጦታ ሦስት ግዴታዎች እንዳሉት አስተምሯል፤ እነርሱም መስጠት፣ መቀበልና መመለስ ናቸው። በባሌ ደጋ ቤተሰብ መመለሱ እንዴት ይፈጸማል ብንል፣ ከሁሉ የቀደመው ምላሽ ምርቃት ነው። «ያወጣኸውን ይተካልህ፤ ከዓመት ዓመት ያድርስህ» ስትል እናት ዕዳዋን ትከፍላለች፤ ልጁም ከዚህ በላይ አይጠብቅም። በጎረቤትና በእኩያ ዘመድ መካከል ግን ምላሹ በዕቃ ነው፤ ምግብ የተላከበት ሳሕን ወይም አገልግል ባዶውን እንዳይመለስ ይደረጋል። የሚመለሰው ነገር ግን ያው ዓይነትና ያው መጠን እንዲሆን አይፈለግም። የተቀበሉትን በልኩ ወዲያውኑ መመለስ እንዲያውም ዝምድናን እንደ መዝጋት ይቈጠራል።

5. ሁለት ሃይማኖት ባለበት ቤተሰብ

በባሌ አንዱ ወገን ክርስቲያን፣ ሌላው ሙስሊም የሆነ ዝምድና እንግዳ ነገር አይደለም። በአገራችን ልማድ ደግሞ እያንዳንዱ ወገን የሚበላው በራሱ ሃይማኖት ሰው የታረደውን ሥጋ ነው። ስለዚህ ከሁሉ የሚከበረው የበዓል ስጦታ፣ ይኸውም ሥጋው፣ ይህን ወሰን ሊያልፍ አይችልም። ልማዱ ግን ወሰኑን ሳያፈርስ መንገድ አግኝቷል፤ የሚላከው ያልታረደ ነገር ነው። ዳቦ፣ ማር፣ ቡና፣ ስኳር፣ ወተትና ቅቤ ከቤት ወደ ቤት ይሻገራሉ። በተለይ ጾሙ በሚፈታበት ዋዜማ ከማይጾመው ዘመድ ቤት የሚመጣ ቅቤና ወተት በትክክል በሚያስፈልግበት ሰዓት የሚደርስ ስጦታ ነው።

ምላሹ የሚሄደው በዒድ አል ፈጥር ወይም በአረፋ ነው። የሙስሊሙ የዘመን አቈጣጠር በጨረቃ ስለሆነ፣ እነዚህ በዓላት በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ፊት እየቀደሙ ይመጣሉ። ስለዚህ በገና ስጦታና በዒድ ምላሽ መካከል ያለው ጊዜ አንድ ዓመት አጭር፣ ሌላ ዓመት ረጅም ይሆናል። ሒሳቡን በቀን ቈጥሮ ማቻቻል አይቻልም፤ ዝምድናውም ሳይዘጋ የሚኖረው በከፊል ሒሳቡ ስለማይዘጋ ነው።

6. ስጦታና እጅ መንሻ

ስለ በዓል ስጦታ በባሌ ስንጽፍ ያለፈውን ታሪክ መዝለል አይገባም። ከ1967 ዓ.ም. በፊት በደቡቡ የአገራችን ክፍል ጭሰኛው ከምርቱ ከሚከፍለው ድርሻ ሌላ፣ በዓል ሲደርስ በግ፣ ማር ወይም ቅቤ ይዞ ወደ ባለ መሬቱ ቤት መሄድ ይጠበቅበት ነበር። ይህም እጅ መንሻ ይባላል። በጉ ከገበሬው ልጅ ለእናቱ ከሚያመጣው በግ በምንም አይለይም፤ ቀኑም ያው ነው፤ በሁለት እጅ መቀበሉና መመረቁም አይቀርም። ልዩነቱ የሚታየው በጉ የቀረ እንደሆነ ነው። በግ ያላመጣ ልጅ ይቀመጣል፣ ይበላል፣ ይመረቃል። በግ ያላመጣ ጭሰኛ ግን የሚያርሰው መሬት ነገ በእጁ ስለመቆየቱ ይሠጋል። ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. በባሌ ለተነሣው የገበሬዎች ዓመፅ ከብዙ ምክንያቶቹ መካከል የመሬትና የግብር በደል ዋነኛ እንደ ነበረ ይታወቃል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት ዐዋጅ ጭሰኝነትን ሲሽር፣ ይህ ዓይነቱ «ስጦታ» ሕጋዊ መሠረቱን አጣ።

ከዚህ የምንማረው፣ ስጦታ የሚታወቀው በዕቃው፣ በቀኑ ወይም በቃሉ አለመሆኑን ነው። የሚታወቀው ያልሰጠው ሰው በሚገጥመው ነገር ነው።

7. ከላይ ወደ ታች የመጣው ስጦታ

ለሕፃናት በገና ዕለት የተለየ ስጦታ መስጠት በአገራችን የቅርብ ዘመን ነገር ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በገና ሕፃናትን ወደ ቤተ መንግሥት አስጠርተው ሹራብ፣ ኬክና ብርቱካን የመሰለውን ነገር ያድሏቸው ነበር፤ ይህንን የዚያ ዘመን ተማሪዎች እስከ ዛሬ ያስታውሱታል። የገና ዛፍና የገና አባት ደግሞ በውጭ አገር ሰዎች፣ በትምህርት ቤትና በሱቅ በኩል ወደ ከተማው ቤት ገቡ። በኤውሮጳም ቢሆን በቤተሰብ ውስጥ በዛፍ ሥር ለልጆች ስጦታ ማስቀመጥ በብዙ አገር የተስፋፋው በ19ኛው መቶ ዓመት ነው። ስለዚህ አዲሱን ልማድ የፈረንጅ ጥንታዊ ሃይማኖት፣ የእኛን ደግሞ ብቸኛው እውነተኛ ልማድ አድርጎ ማየት ትክክል አይሆንም። ሰብአ ሰገል ወርቅ፣ ዕጣንና ከርቤ ያቀረቡት ለሕፃን ነውና፣ ለሕፃን መስጠት ከበዓሉ ትርጕም የራቀ ሊባል አይችልም።

ይሁን እንጂ አንድ ለውጥ ልብ ሊባል ይገባዋል። የቀድሞው ስጦታ ከልጅ ወደ ወላጅ፣ ከዚያም ከወላጅ እጅ ወደ ሌላው ይሄድ ነበር። አዲሱ ከወላጅ ወደ ልጅ ሄዶ እዚያው ይቆማል፤ ሕፃኑ መጫወቻውን ለሌላ እንዲያካፍል አይጠበቅበትም። በሮቤና በጎባ ሱቆች ዛሬ ሁለቱም ዓይነት ዕቃ ይገኛል፤ የትኛው እንደሚያይል የሚወስነው ቤተሰቡ ነው።

8. የዘመኑ ችግር

ዛሬ ለስጦታው ትልቁ ፈተና ከውጭ የመጣው ዛፍ አይደለም። ፈተናው የበጉ ዋጋና የልጁ ደመወዝ አለመገጣጠም ነው። በአዲስ አበባ ወይም በሌላ ከተማ የተቀጠረ ወጣት የመንገዱንና የስጦታውን ወጪ ባንድነት ሲያስበው ይከብደዋል። «ባዶ እጄን እንዴት እሄዳለሁ?» ብሎ ይቀራል። ከእኛ ከተማሪዎችም መካከል ይህን ቃል ያልተናገረ ወይም ያልሰማ ይኖራል ብሎ መገመት ያዳግታል። ቤተሰቡ ልጁ የቀረው በሥራ ምክንያት መስሎት ያዝናል፤ ልጁም የቀረበትን እውነተኛ ምክንያት አፍሮ አይናገርም። እናት ያላስቀመጠችውን ዋጋ ልጅ ራሱ በራሱ ላይ ያስቀምጣል፤ ስጦታውም ማንም ሳያዝዝ ወደ እጅ መንሻነት ይለወጣል።

በከፊል መፍትሔ የሆነው ገንዘብን በስልክ መላክ ነው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከሩቅ ያለ ልጅ በበዓሉ ዋዜማም ቢሆን የቻለውን መላክ ይችላል። ብሩ ፊት የለውም፣ ሽታ የለውም እየተባለ ይነቀፋል፤ ነቀፌታውም ከእውነት የራቀ አይደለም። ነገር ግን ቀደም ብለን እንዳየነው እናት የምትቀበለው የመስጠት ሥልጣን ከሆነ፣ ብሩ በራስዋ ስልክ እስከ ደረሰ ድረስ ሥልጣንዋን አያጕድልባትም፤ ምን እንደሚገዛና ለማን እንደሚከፈል የምትወስነው እርስዋ ናትና። ጕዳቱ የሚመጣው ብሩ የልጁ መምጫ ምትክ ሲሆን፣ ወይም በሌላ ሰው ስልክ በኩል ደርሶ የእርስዋ ቃል ሳይጠየቅ ሲወጣ ነው።

መደምደሚያ

ከላይ የተመለከትነውን ባጭሩ ስንሰበስበው፣ በባሌ ደጋ ክርስቲያን ቤተሰብ የገና ስጦታ ለማዕዱ የሚዋጣ ድርሻ ሆኖ እናገኘዋለን። ከታች ወደ ላይ ይወጣል፤ በእናት እጅ ይከፈላል፤ ለልጅ በምርቃት፣ ለጎረቤትና ለሌላ ሃይማኖት ዘመድ ጊዜው ባልተቈረጠ ምላሽ ይመለሳል። ይህ ሁሉ የሚቆመው ግን ባዶ እጁን ለመጣው ሰው ቦታ እስካለ ድረስ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገሮችን እናቀርባለን። የመጀመሪያው ለቤተሰብ ነው። «አንተ ብትመጣ ይበቃኛል» የሚለው ቃል ልጁ በጉን ይዞ ከደረሰ በኋላ ከሚነገር ይልቅ፣ በኅዳር ወር ልጁ ገና ሒሳቡን ሲያሰላ ቢነገር ይሻላል፤ ያን ጊዜ ቃሉ ደንብ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የአውቶቡስ ትኬት ያስቈርጣል። ሁለተኛው ለጓደኞቻችን ተማሪዎች ነው። ከኅዳር 15 ቀን እስከ ጥምቀት ማግሥት በአንድ ቤት የገባውን፣ የወጣውንና የከፋፈለውን ሰው፣ የቤቱ ባለቤቶች ከፈቀዱ፣ በየዕለቱ በደብተር መመዝገብ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ጥናት ነው። በመዝገቡ ላይ ግን አንድ ዐምድ እንዳይረሳ እናሳስባለን፤ እርሱም ምንም ሳይዝ የመጣው ሰው ማን እንደ ነበረ፣ የትም እንደ ተቀመጠ የሚጻፍበት ነው።